ጡረታው የሚቀነሰው ከግብሩ በፊት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ስለ ደመወዝ ግብር ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ የ14,500 ብር ገቢ በምሳሌነት ተሰልቷል። ባለገቢዋ ቡሬ ላይ በግል ድርጅት የምትሠራ የሽያጭ ሠራተኛ ናት፤ መነሻ ደመወዟ 12,000፣ ኮሚሽኗ 1,500፣ የትርፍ ሰዓቷ 1,000 ብር። ጽሑፉ በመጀመሪያ የመነሻ ደመወዟን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከገቢዋ ቀነሰ፣ በቀረው ላይ ግብር አሰላ፣ 2,748 ብር አለ። ማባዛቱና መቀነሱ አልተሳሳተም፤ የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ደመወዝ የሚያዘጋጁ ሰዎች አትመው ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጡት ቢታረም ይሻላል ብለን ጻፍን።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የመቀጠር ገቢ ግብር የሚሰላው በጥቅሉ ገቢ ላይ ነው። ሠራተኛው የሚያወጣው ወጪ አይቀነስለትም። የራሱ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም አይቀነስም፤ የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቀናሽ፣ የእድር መዋጮ፣ የሠራተኛ ማኅበር ክፍያም እንደዚሁ። እነዚህ ሁሉ ከእጁ የሚወጡት ግብሩ ከተሰላ በኋላ ነው። ነፃ የሆነው አሠሪው በበኩሉ የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው፤ እሱ በሠራተኛው ገቢ ላይ አይደመርም። ሰው የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ስለዚህ የቡሬዋ ሠራተኛ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ሙሉው 14,500 ነው። በማሻሻያ አዋጁ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው እርከን የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር፣ ቀጥሎ ያለው 3,000 በ20 በመቶ 600፣ ሌላው 3,000 በ25 በመቶ 750፣ ከዚያ 4,000 በ30 በመቶ 1,200፣ ከ14,000 የተረፈው 500 ብር በ35 በመቶ 175 ብር። ድምሩ 3,025 ብር ነው። ጡረታው በመነሻ ደመወዙ ብቻ ስለሚሰላ 840 ብር ይሆናል። እጇ የሚገባው 10,635 ብር ነው። በጽሑፉ ስሌት ቢሄድ በየወሩ 277 ብር ግብር ይጎድላል፤ ጉድለቱ በኦዲት ሲገኝ ተጠያቂው ቀንሶ ገቢ ማድረግ የነበረበት አሠሪ ነው።

በአቋራጭ ለሚሠራ ሰው 14,500 በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነሳል፤ ያው 3,025 ይመጣል። ለየእርከኑ ተቀናሹ ለ15 በመቶው 300፣ ለ20 በመቶው 500፣ ለ25 በመቶው 850፣ ለ30 በመቶው 1,350 ነው። እዚህ ላይ የምናየው ሌላ ስሕተት አለ። በአሮጌው ሠንጠረዥ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ገቢ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ይቀነስለት ነበር። የኤክሴሉን ፎርሙላ ሲያድሱ እርከኑን ለውጠው ያችን 1,500 በ2,050 መተካት የረሱ አሉ። ውጤቱ በወር 550 ብር፣ በዓመት 6,600 ብር ከሠራተኛው ላይ ያለአግባብ መቁረጥ ነው። የደመወዝ ስሊፕ የሚቀበል ሰው ይህን በሞባይሉ ካልኩሌተር ደቂቃ ሳይሞላ ሊያጣራው ይችላል።

«35 በመቶ ውስጥ ከገባሁ ጭማሪው ይበላኛል» የሚለውም ወሬ ልክ አይደለም። የ14,000 ብር ግብር 2,850 ነው፤ የ14,100 ደግሞ 2,885። ከመቶ ብሯ ጭማሪ 35 ብር ትሄዳለች፣ 65 ትቀራለች። የበፊተኛው 14,000 አይነካም።

አበልን በተመለከተ ጽሑፉ «ከግብር ነፃ ነው» ብሎ በአንድ ቃል አልፎታል። የትራንስፖርት አበልም ሆነ የውሎ አበል ነፃ የሚሆነው በመመሪያ እስከተቀመጠለት ጣሪያ ድረስ ነው፤ ከጣሪያው ያለፈው ወደ ደመወዙ ገብቶ ይደመራል። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ግን ነፃ ነው።

አሁን ገቢው ከአንድ በላይ ወደሆነ ሰው እንምጣ፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አልነካውም። ሕጉ ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍላል፦ «ሀ» መቀጠር፣ «ለ» የቤት ኪራይ፣ «ሐ» ንግድ፣ «መ» ሌሎች ገቢዎች። ከ«መ» በስተቀር በአንድ ሠንጠረዥ ሥር ያሉ ገቢዎች ይደመራሉ፣ የተለያየ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉት ለየብቻ ይሰላሉ። ይህችን ያልያዘ ሰው ወይ የማይደመረውን ይደምራል ወይ የሚደመረውን ይለያል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት በ9,000 ብር፣ ማታ በግል ኮሌጅ በ5,000 ብር የሚያስተምር መምህር እንውሰድ። ሁለቱ አሠሪዎች ሳይተዋወቁ የመጀመሪያው 1,400፣ ሁለተኛው 500፣ በድምሩ 1,900 ብር ይቀንሳሉ። ሁለቱም ግን ሠንጠረዥ «ሀ» ናቸው፤ ሲደመሩ 14,000፣ ግብሩም 2,850 ነው። በየወሩ 950 ብር ጎደለ። ምክንያቱም ነፃው 2,000 ብርና ዝቅተኞቹ እርከኖች ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተሰጡ። መምህሩ ሌላ ደመወዝ እንዳለው አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ይሻለዋል፤ ከዓመታት በኋላ ሲደርስበት ወለድና ቅጣት ተጨምሮበት ነው።

ያው መምህር ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪ የሚያከራያቸው ክፍሎች ቢኖሩት ግን ኪራዩ ከደመወዙ ጋር አይደመርም። ኪራዩ በሠንጠረዥ «ለ» በዓመት ይሰላል፣ ነፃው 24,000 ብርም እንደገና ከዜሮ ይጀምርለታል። አምስት ክፍል፣ እያንዳንዱ በወር 2,000፣ 12 ወር፦ 120,000 ብር። ከተከራዮቹ አንዱ ከኪራዩ በተጨማሪ በውላቸው መሠረት በራሱ 9,000 ብር ሴራሚክ ቢያነጥፍ፣ ያም የአከራዩ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጥቅሉ 129,000 ይሆናል። አከራዩ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ከሆነ ለቆርቆሮ ጥገናና ለቀለም ያወጣው 15,000፣ ለማዘጋጃ ቤት ክፍያና ለኢንሹራንስ የከፈለው 6,000 በደረሰኝ ይቀነስለታል። የእርጅና ቅናሹን (ቤቱ ስለሚያረጅ በየዓመቱ የሚቀነሰውን) ለምሳሌው ስንል ትተን 108,000 ይቀራል፤ ግብሩ 16,800 ብር።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት በብዛት አዲስ ክፍል የሠሩበትን ወጪ «ጥገና» ብለው የሚያስገቡት ናቸው። የፈሰሰ ጣሪያ መድፈን ጥገና ነው። ኩሽና መጨመር ግን የቤቱን ዋጋ ይጨምራል፤ የሚነሣውም በእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። ራሱ ባለቤቱ የሚኖርበትን ክፍል ያስጠገነበትም አይቀነስም። ክረምት ላይ ተማሪ ሄዶ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ደግሞ ማስረጃውን መያዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ 12 ወር ሙሉ እንደተከራየ ሊገመት ይችላል።

የባንክ ወለድና የአክሲዮን ትርፍ ድርሻ ከምንጩ ተቀንሶ የሚመጣ ነው፤ ያ ግብር የመጨረሻ ስለሆነ እንደገና መደመር የለበትም። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ከአባት መሬት በእኩል የሚመጣ ጤፍም ከደመወዝ ጋር አይደመርም፤ የገበሬ ግብር ከገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ጋር በይዞታው ስፋት የሚሰበሰብ ራሱን የቻለ የክልል ግብር ነው። ያው ሰው ጤፍ ገዝቶ ባሕር ዳር አውርዶ መሸጥ ሲጀምር ግን ነገሩ ንግድ ይሆናል፣ ሠንጠረዥ «ሐ» ይገባል፤ ያኔ የጭነት ደረሰኝና የግዢ ሰነድ ከሌለው የሚቀነስለት ወጪ አይኖርም።

በመጪው እትም 2,748 የሚለው በ3,025፣ «ጡረታው ከተነሣ በኋላ» የሚለውም «በጥቅል ገቢው ላይ» በሚል ቢታረም፣ ከነስሌቱ በዚያው ገጽ ቢወጣ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በደመወዝ ዝግጅትና በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ