ባይዶዋን ማን ይጠብቃት ነበር?

ክቡር አዘጋጅ፣

ቱርክ በአፍሪካ ቀንድ ሰላም ስላላት ሚና ያወጣችሁትን ሐተታ እዚህ ጅማም አንብበነዋል። ስለ አንካራ የወረደው ውዳሴ ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሶማሊያ የዘመቱት የአፍሪካ ኅብረት ወታደሮች "ከኡጋንዳ፣ ከቡሩንዲ፣ ከኬንያና ከጅቡቲ" ናቸው ይላል። ጸሐፊያችሁ አራት ቆጥሮ አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ እጁ ዝሎ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በጽሑፉ ውስጥ ያለችው ወደብ ፈላጊ ሆና ብቻ ነው።

እኔ ደቡብ ምዕራብ ሶማሊያ፣ ባይዶዋ ከተማ ነበርኩ። አገራችን በጥር 2006 ዓ.ም. 4,395 ወታደር ይዛ በሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ የሆነውን አሚሶምን ስትቀላቀል፣ ባይ፣ ባኮልና ጌዶ የተባሉት የሶማሊያ አካባቢዎች የደረሱት ለእኛ ነው። ከዶሎ ተነስቶ በሉቅ በኩል ባይዶዋ የሚገባውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ፈንጂ አሳሾቹ በእግራቸው ከፊት፣ ውሃና ስንቅ የጫነው መኪና ከኋላ፤ ሾፌሩ ከፊተኛው የጎማ ዱካ አንድ ስንዝር አይወጣም። የሚያወራ ሰው የለም። ከቤት የተላከልኝን ቡና እንኳ ቆልተን የምንጠጣው ሰፈር በሰላም ከገባን ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የአንካራን ዲፕሎማትም የእናንተን ጋዜጠኛም አላየሁም።

ቱርክን ለማሳነስ አይደለም። ኤርዶዋን በነሐሴ 2003 ዓ.ም.፣ ሶማሊያ በረሃብ ስታልቅ፣ ሌላው መሪ በሸሸበት ሰዓት ሞቃዲሾ ገብተዋል። ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ወዲህ ቱርኮች እዚያው በከፈቱት የጦር ሰፈር የሶማሊያን ወታደር እያሠለጠኑ ነው። ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ ከሶማሊያ ጋር ካቃቃራት በኋላም ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድንና የሶማሊያውን ፕሬዝዳንት ሐሰን ሼክ መሐሙድን አንካራ ላይ አቀራርበዋል። ይህን የሚንቅ የጦርነትን ዋጋ የማያውቅ ነው። ግን ሞቃዲሾ ላይ ተረጋግቶ ምልምል ለማሠልጠን፣ ሌላ ቦታ ሌላ ሰው አልሸባብን ይዞ መቆም አለበት።

ደግሞ የሚገርመው፣ ሐተታችሁ ያሞገሰው የአንካራው መግለጫ ራሱ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮዎች ውስጥ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች የከፈሉትን መሥዋዕትነት በስም ያነሳል። ቱርክ ያልዘነጋችንን እናንተ ዘነጋችሁን!

ሠራዊታችን ሶማሊያ የገባበት የ1999ኙ ዘመቻ በብዙ ሶማሊያውያን ልብ ቂም ጥሏል የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ጻፉት። ያጠፋነውን መጻፍ አንድ ነገር፣ ከነጭራሹ እንዳልነበርን አድርጎ መጻፍ ሌላ።

ይህ ለእኔ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ የመሥሪያ ቦታ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ብሄድ ኃላፊው ማስረጃዬን ገልብጦ አየና "ሶማሌ ክልል ነው አይደል ያገለገልከው?" አለኝ። አይ፣ ጎረቤት አገር ነው ብለው "እዚያም ሄዳችሁ ነበር እንዴ?" አለ። ያን ቀን በእሱ ተናድጄ ነበር የወጣሁት። አሁን ሳስበው ምን ያድርግ፣ የሚያነበው የእናንተን ዓይነት ሐተታ ነው።

እርማቱን ሐተታው በወጣበት ገጽ አውጡት፤ ከማስታወቂያ ሥር አትደብቁት። ጸሐፊያችሁ መግለጫውን አላገኘሁትም ካለ ደግሞ እኔ አሳትሜ እልክለታለሁ። ረጅም አይደለም፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ አንብቦ ይጨርሰዋል።

የቀድሞ ሃምሳ አለቃ፣ ከጅማ