በመካከለኛ ዕድሜ ሩጫ ለጀመራችሁ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣

ከአርባ ዓመት በኋላ ሩጫ የጀመራችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈጣኖቹን ባያችሁ ቁጥር በራሳችሁ ፍጥነት እንደምታፍሩ ስለነገራችሁን ይህን መልእክት ልኬላችኋለሁ።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን ማራቶን፣ በ41 ዓመቱ፣ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛ ሲወጣ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሮጧል፤ አብዛኞቻችን በወጣትነታችንም ቢሆን በዚህ ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አንዘልቅም ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ሯጮች ልንቀስም የሚገባን ፍጥነታቸውን ሳይሆን ትዕግሥታቸውን ነው፤ የልምምዳቸውን አብዛኛውን ርቀት የሚሸፍኑት ከውድድር ፍጥነታቸው በእጅጉ ዝግ ብለው ነውና። ጀማሪ ግን፣ የሚገርመው፣ በየዕለቱ ካላለከለከ የሠራ አይመስለውም።

በእኛ ዕድሜ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲጠነክሩ ጅማትና አጥንት ግን ወራት የሚፈልጉ መሆናቸው ነው፤ ትንፋሻችን ገና ጨምር እያለን ሳለ የተረከዝ ጅማታችን የሚታመመው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሩጫን ከእርምጃ ጋር እያፈራረቃችሁ፣ ሳይቆራረጥ ለመነጋገር በሚያስችል ፍጥነት እንድትሮጡ፣ በመካከሉም የዕረፍት ቀን እንድትወስዱ አሳስባለሁ።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ አለዚያም ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው አባል አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የፍጥነት ልምምድ መጨመር የምትፈልጉ ደግሞ፣ ያለ ጉዳት ለተከታታይ ወራት ከሮጣችሁ በኋላ ለአሠልጣኙ አሳውቁ።