ሻርክስ ሽማግሌ ሰበሰበ ላላችሁት

ሰላም አዘጋጅ፣ አንድ አንባቢያችሁ ስለ ሳን ሆዜ ሻርክስ፣ ማለት በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ስለሚጫወተው ቡድናችን የጻፈውን አየሁት። ቡድኑ በ2025 ኦርሎቭ፣ ሌዲ እና ክሊንግበርግ የሚባሉ ሦስት አንጋፋ ተከላካዮች በማምጣቱ እንዲህ ይላል፦ ቡድኑን ከዜሮ እየገነባን ነው እያሉ የ34 ዓመት ሰው ማምጣት ምን የሚሉት ነው፣ ጡረታ ቤት ከፈቱ እንዴ ነው ነገሩ። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ ከዛ ተናደድኩ፣ ደግሞ ስለ ሆኪ በአማርኛ የሚከራከር ሰው ስንት ዓመት ፈልጌ አጥቼ አሁን ሳገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኔ እዚሁ ሳን ሆዜ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ራይድ እሰራለሁ፣ ጌም ሲያልቅ የሻርክስ ሜዳ ኤስኤፒ ሴንተር አካባቢ ሰው እጭናለሁ። ሁለት ሲዝን ሙሉ ማልያ የለበሰ ሰው መኪናዬ ውስጥ ሲገባ ስንት ለስንት ብዬ መጠየቅ ትቼ ነበር፣ በር አዘጋጉ ይነግረኛል። በ2023-24 47 ነጥብ፣ በ2024-25 52 ነጥብ፣ ሁለቱንም ዓመት ከ32 ቡድን መጨረሻ። በ2024-25 ከ82 ጨዋታ ያሸነፍነው 20 ብቻ ነው።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ እሱ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጸብ የለንም። ማክሊን ሰለብሪኒ የ2024 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት) አንደኛ ነው፣ በመጀመሪያ ሲዝኑ 25 ጎል አግብቶ፣ ለጎል ካቀበላቸው ጋር በጠቅላላ 63 ነጥብ ሰራ፣ ገና 18 ዓመቱ እኮ ነው ያኔ! አጥቂው ዊል ስሚዝ አለ፣ በ2025 ደግሞ ማይክል ሚሳ በሁለተኛ ቁጥር ተመረጠ። ግን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ በተለይ ከኋላ።

ጸሐፊው እግር ኳስ የሚያይ ሰው ይመስለኛል፣ ተከላካይ ሲባል ቆሞ የሚጠርግ ሰው ነው የመሰለው። ሆኪ ላይ እንደዛ አይደለም። ተጋጣሚ ፓኩን (በኳስ ፈንታ የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ) ወደ ጥጉ ይወረውረዋል፣ ተከላካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሊያነሳው ይሮጣል፣ ከጀርባው 100 ኪሎ የሚሆን ሰው በሙሉ ፍጥነት እየመጣበት ነው። ጀማሪው ደንግጦ ፓኩን ሜዳውን በከበበው መስታወት ላይ ዝም ብሎ ይልከዋል፣ ተጋጣሚ ይቀበለዋል፣ እንደገና እዛው። የበሰለው ግን ፓኩ ጋ ሳይደርስ በትከሻው ላይ አንዴ ሁለቴ ዞር ብሎ ያያል፣ የቱ ጋ እንደሚሰጥ ቀድሞ ጨርሶታል። ይቺ ዞር ማለት ናት ለኦርሎቭ በዓመት 6.5 ሚሊዮን ዶላር የምታወጣው። ሰለብሪኒ ቢሮጥም ባይሮጥም ፓኩ ከኋላ ካልወጣለት ምን ያደርጋል፣ በረኛው አስካሮቭስ ቢሆን ማታ ማታ ሲደበደብ አድሮ እንዴት ነው የሚያድገው?

ዲሚትሪ ኦርሎቭን የማውቀው ቨርጂኒያ እያለሁ ነው፣ በ2018 እሱ ያለበት ዋሽንግተን ዋንጫ ሲበላ ከተማው ሲያብድ እኔም አብሬ አበድኩ፣ ሆኪ የያዘኝም ያኔ ነው። ኒክ ሌዲ በ2013 ከቺካጎ ጋር ዋንጫ አንስቷል፣ ክሊንግበርግ በ2025 ከኤድመንተን ጋር ፍጻሜ ደርሷል። ኮንትራታቸውንም እዩት እስኪ፣ ኦርሎቭ ሁለት ዓመት፣ ክሊንግበርግ አንድ ዓመት በ4 ሚሊዮን፣ ሌዲን ደግሞ ሴንት ሉዊስ ሲለቀው ምንም ሳይሰጡ ነው ያነሱት። ገንዘብ ባከነ ለሚለውም ሊጉ ራሱ ለ2025-26 ሲዝን አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከ70.6 ሚሊዮን ዶላር በታች መክፈል አይችልም ብሎ ነበር፣ ስለዚህ ለሆነ ሰው መከፈሉ አይቀርም ነበር።

አንጋፋውን ተከላካያችንን ቭላሲችን 19 ሲዝን ካገለገለ በኋላ ኮንትራቱን ከፍለው አሰናበቱት፣ ታዲያ ሽማግሌ አባሮ ሽማግሌ ማምጣት ይባላል ወይ ለሚለው፣ የእሱ እግር አልቆ ነበር በቃ፣ ያማል ግን እውነት ነው። እነዚህ ገና ይሮጣሉ።

እኔ ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ተጫዋች የሚገዛና የሚሸጥልን ማይክ ግሪየር በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ማናጀር ነው፣ እንደ ራሴ ሰው ነው የምደግፈው፣ ግን መሸጥ ይወዳል። በ2025 ፌብሩዋሪ ላይ ተከላካዩን ሲሲን ለዳላስ፣ ማርች ላይ ሌላውን ተከላካይ ዎልማንን ለኤድመንተን ሰጠ። ለዎልማን የድራፍት አንደኛ ዙር ምርጫ አገኘበት፣ ወረቀት ላይ ቆንጆ ንግድ ነው፣ ልጆቹ ግን ገና ሰውየውን ሲለምዱት እቃውን ሸክፎ ሄደ። ወጣቱ ተከላካይ ሳም ዲኪንሰን ማን አጠገብ ቆሞ ነው የሚማረው? እሱን ደግሞ በሽማግሌዎቹ ምክንያት ወንበር ላይ ካስቀመጡት ያን ጊዜ እኔም እጮሃለሁ።

ስለዚህ ለጸሐፊው እንዲህ በሉልኝ፣ ኮንትራቱ ሳያልቅ ኦርሎቭን ሸጠውት ካየሁ አንተ ልክ ነበርክ እለዋለሁ፣ ቡናም በኔ ነው። ካልሸጡት ግን ክትፎ ይጋብዘኛል፣ ልዩ ክትፎ፣ ከነአይቡ።

ከሳን ሆዜ፣ የሌሊት ሹፌሩ አንባቢያችሁ