ገፍቶ የወጣ ይቆጠርለታል ወይ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው። ናፍቆቱ እውነት ነው። ደህና መሆኔም እውነት ነው። ግን ሰላምታ ባበዛሁ ቁጥር ነገር የምሸሽ ስለሚመስልብኝ በቀጥታ ወደ ሳይክልህ ልግባ።

እኔ ጋ ናት። አልተሸጠችም፣ አልተሰረቀችም። መጨረሻ ስትደውልልኝ «በሚቀጥለው ሳምንት አመጣታለሁ» አልኩህ። ያ ሳምንት ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆንኩብህ። አንተም ጨዋ ነህና ሁለት ሦስት ጊዜ ጽፈህ ዝም አልክ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ታምነኝ ነበር። እውነቱ ግን ማፈር ነው። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ትቻት ካቴናዋ ዝጎ እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቢስቡት አይታጠፍ፣ ቢመቱት አይላቀቅ። እሷን በዚያ ሁኔታ ይዤ ደጅህ ከምቆም መጥፋት ቀለለኝ። በአንድ ካቴና ምክንያት ጓደኛ ይታጣል? እኔ ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ታዲያ ዛሬ ምን አስነሳህ ትለኝ ይሆናል። ያስነሳችኝ አንዲት ሴት ናት። በሳይክል ደቡብ ዋልታ የገባች ሴት። ቀልዴን አይደለም።

እሷን ከመንገርህ በፊት ግን ያቺን ዳገት አስታውስልኝ። አንተ በዚችው ሳይክልህ፣ እኔ በውሰት ሳይክል። እግራችን መሬት ሳይነካ ጫፍ ለመውጣት ተወራረድን። እኔ እንደ እባብ እየተጥመዘመዝኩ፣ ፔዳሉ ላይ ቆሜ፣ ምላሴ ወጥቶ ወጣሁ። አንተ መሃል ላይ ወረድክ። መሪውን ይዘህ እየገፋህ፣ እያፏጨህ አለፍከኝ። ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ ጠበቅከኝና «ቀደምኩህ» አልክ። እኔ «ገፍተህ የወጣኸው አይቆጠርም» አልኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ ተከራከርን። ከዚያም ለዓመታት። ሁለታችንም አልተረታንም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። ማሪያ ሌየርስታም ትባላለች፣ የዌልስ ሰው ናት። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግርህ። በ2013 ዲሴምበር፣ ሮስ የሚባለው ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ ከአህጉሩ ጋር ከሚገናኝበት ጫፍ ተነሳች። ዲሴምበር 27 ደቡብ ዋልታ ደረሰች። 638 ኪሎ ሜትር፣ በ10 ቀን ከ14 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። ከአንታርክቲካ ዳር እስከ ዋልታው ፔዳል መትቶ የደረሰ ከእሷ በፊት ማንም አልነበረም። ክብረ ወሰኑ በስሟ ተመዘገበ።

እኔን ያስገረመኝ ፍጥነቷ ብቻ አይደለም፣ የመረጠችው መንገድ ነው። በበረዶ ሸርተቴ ወደ ዋልታው የሚሄዱ ብዙዎች ሄርኩለስ ኢንሌት ከሚባለው ዳርቻ ተነስተው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ረጅም ነው፣ ግን ከፍታው ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። እሷ አጭሩንና ቀጥ ያለውን ዳገት መረጠች። ሌቨረት የሚባል የበረዶ ግግር አለ። የትራንስአንታርክቲክ ተራሮችን ሰንጥቆ የሚወርድ ነው። በእሱ ሽቅብ ወጣች። ከባሕር ወለል አጠገብ ተነስታ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ።

መንገድ ስልህ ደግሞ አስፋልት እንዳይመስልህ። አሜሪካኖች ባሕር ዳር ካለው የማክመርዶ ጣቢያቸው ዋልታው ላይ ወዳለው የአሙንድሰን–ስኮት ጣቢያ ነዳጅ በትራክተር ያጓጉዛሉ። ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ነው። የበረዶውን ስንጥቆች በበረዶ ሞልተው፣ በረዶውን ደልድለው፣ ዳር ዳሩን ባንዲራ ተክለው ነው ያበጁት። ማሪያ የነዳችው የዚህን መንገድ የመጨረሻ ክፍል ነው። ነፋስ አዲስ በረዶ ሲያለብሰው መንገድነቱ ስሙ ላይ ብቻ ይቀራል።

የነዳችው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሦስት ጎማ አለው። ሰው የሚቀመጥበት ሳይሆን የሚንጋለልበት ነው፤ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው ፔዳል የሚመታው። እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩ። የታመመ ሰው የሚወሰድበት ይመስላል። ትንሽ ሳስበው ግን ገባኝ። ዳገት ላይ ሁለት ጎማ የሚቆመው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻ ነው። ፍጥነትህ ከእግረኛ ሲያንስ መሪው መወላገድ ይጀምራል፣ ከዚያ ወይ ትወርዳለህ ወይ ትወድቃለህ። ሦስት ጎማ ላይ ግን የፈለግከውን ያህል ተንቀራፈፍ፣ ደክሞህ ቀጥ በል፣ ወዴትም አትወድቅም። ዝቅ ብለህ ስለተንጋለልክ ነፋሱም በላይህ ያልፋል። ያን ቀን ዳገቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖርህ አትወርድም ነበር፣ ክርክሩም አይኖርም ነበር።

ስለ በረዶው አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይህን ሳውቅ ነው ነገሩ የከበደኝ። በረዶ ያንሸራትታል ብለን እናስባለን አይደል? የሚያንሸራትተው ላዩ ላይ ስስ ውሃ ሲኖር ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ ያ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ልክ እንደ ደረቅ አሸዋ ይሆናሉ። አሸዋ ላይ ሳይክል ነድተህ ታውቃለህ፤ በቃ እሱ ነው፣ ለመቶዎች ኪሎ ሜትር። ለዚህ ነው ጎማቸው ወፍራም የሆነው፣ ስፋቱ አራት አምስት ኢንች ይደርሳል። የጎማውን ነፋስም ቀንሰው ነው የሚነዱት። የመኪና ጎማ 30 ፒ.ኤስ.አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይነፋል፣ እነሱ ለስላሳ በረዶ ላይ 5 እንኳን አያስሞሉትም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጭምድድ ይላል። እንደዚያ ሲሆን ተንጣሎ በረዶው ላይ ይተኛል፣ አይሰምጥም።

(ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። መጨረሻ ላይ እናዘዛለሁ።)

ላብም ጠላት ነው። ዳገት ስትወጣ ይሞቅሃል፣ ታልባለህ። ቆም ስትል ላቡ ልብስህ ውስጥ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ እንዳታልብ ቀስ ማለት አለብህ፣ እንዳትበርድ ደግሞ መቆም የለብህም። ፀሐይዋ በዚያ ወቅት አትጠልቅም። «መሸ፣ ልረፍ» የሚያሰኝ ነገር የለም። ሰዓትህን አይተህ ነው ማታ መሆኑን የምታውቀው።

አሁን ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ሦስት ጎማ ያለው ነገር ሳይክል ነው እንዴ?» ትላለህ። «ደግሞስ ከኋላዋ መኪና አልነበረም?» ነበር። የድጋፍ መኪና ከነሰዎቹ ይከተላት ነበር። ይህን ክርክር አንተ ብቻ አይደለህም የምታነሳው። በዚያው ወቅት ሌሎች ሁለት ሰዎች በሌላ በኩል ወደዚያው ዋልታ ይሄዱ ነበር፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ጎማ ሳይክል ይዘው፣ ሁለቱም ከሄርኩለስ ኢንሌት።

አንዱ ስፔናዊው ሁዋን ሜኔንዴዝ ግራናዶስ ነው። ብቻውን፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ በ46 ቀን በጃንዋሪ 2014 ደረሰ። ግን በረዶው አልነዳ ሲለው የበረዶ ሸርተቴ አጥልቆ ሳይክሉን ከስንቁ ጋር በመንሸራተቻ ይጎትታል። ሳይክሉ እሱን ሳይሆን እሱ ሳይክሉን የወሰደበት ቀን ብዙ ነው። ሌላው አሜሪካዊው ዳንኤል በርተን ነው፣ ዩታ ውስጥ የሳይክል ሱቅ የነበረው። ከሁዋን በኋላ ቀናት ዘግይቶ ጃንዋሪ 21 ገባ፣ 1,247 ኪሎ ሜትር በ51 ቀን። ስንቅ መንገድ ላይ ተቀምጦለት ነበር። ሸርተቴ ግን አልነካም። ሲችል ነዳ፣ ሲያቅተው ወርዶ ገፋ።

አየህ ነገሩን? አንዷ በሦስት ጎማ፣ መኪና እየተከተላት። አንዱ ያለ ድጋፍ፣ ግን በሸርተቴም ጭምር። አንዱ ከሳይክሉ ሳይለይ፣ ግን እየገፋ። ሦስቱም «የመጀመሪያው» የሚባሉበት አንድ አንድ መንገድ አለ። ሳነብ ያ ዳገታችን ነው የመጣብኝ። እዚያ ድረስ ሄደውም ሰዎች ስለዚሁ ነው የሚጨቃጨቁት!

አንድ ሒሳብ ሠራሁ። በርተን በቀን በአማካይ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሄደው። ማሪያ 60። ሃያ አራት ኪሎ ሜትር እኛ ከቁርስ በኋላ ለመዝናኛ የምንነዳት ናት። ለሃምሳ አንድ ቀን፣ ከፊትህ ነጭ፣ ከኋላህ ነጭ፣ በነፋስ የተጠረበ ጠንካራ የበረዶ ጎርበጥባጣ እየዘለልክ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ልንገርህ፣ ከሦስቱ ልቤ ያለው እሱ ጋ ነው። ማሪያ ብልህ ናት፣ ሁዋን ብርቱ ነው። በርተን ግን ሳይክሉን አልተዋትም።

ሳይክልና በረዶ ከተገናኙ ቆይተዋል፣ ይህም አላወቅኩም ነበር። በ1900 አላስካ ውስጥ ኖም ላይ ወርቅ ተገኘ ሲባል፣ ኤድ ጄሰንና ማክስ ሂርሽበርግ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ ለየብቻቸው፣ ካናዳ ካለችው ዶውሰን ተነስተው በረዶ በሆነው የዩኮን ወንዝ ላይ በሳይክል ሄደዋል። ውሾች የሚጎትቱት ጋሪ የደለደለውን ጠባብ ፈለግ ተከትለው። የጄሰን ሳይክል ዘይቱ በብርድ ጠጥሮ ጎማው አልዞር ብሎት ነበር። የሂርሽበርግ ካቴና ደግሞ መንገድ ላይ ተበጠሰ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካፖርቱን በእንጨት ወጥሮ ሸራ አደረገው፣ ነፋሱ እየገፋ ወሰደው። ካቴና ተበጥሶበት ወርቅ ፍለጋ የቀጠለ ሰው አለ፤ እኔ ካቴና ዛገብኝ ብዬ ሦስት ዓመት ተደበቅኩ።

አንታርክቲካም ሳይክል አይታለች። ስኮት የሚባለው እንግሊዛዊ አሳሽ ወደ ዋልታው በሄደበት ጉዞ፣ በ1911፣ ግሪፊዝ ቴይለር የሚባለው የጂኦሎጂ ሰው በሳይክል ባሕሩ በረዶ ላይ ወጣ ብሎ ሞክሮ ነበር። ጉልበቱ ተሟጥጦ ተመለሰ። ስኮት ራሱ በእግሩ ዋልታው ጋ ሲደርስ ኖርዌያዊው አሙንድሰን ከወር በላይ ቀድሞታል። እዚያ ቦታ ላይ የመቅደም ጣጣ የቆየ ነው።

ከሁሉ የወደድኩትን ልንገርህ። ዋልታው ላይ የተተከለው ምልክት በየዓመቱ ይነቀላል። ከሥሩ ያለው በረዶ ወደ 2,700 ሜትር ውፍረት አለው፣ እሱም ይንቀሳቀሳል፣ በዓመት 10 ሜትር ያህል። ስለዚህ በፈረንጆች አዲስ ዓመት አዲስ ምልክት ትክክለኛው ነጥብ ላይ ይተከላል። ማሪያ የደረሰችው ዲሴምበር 27 ነው። ሁዋንና በርተን ጃንዋሪ ላይ። ስለዚህ የእሷ ምልክትና የእነሱ ምልክት አንድ ቦታ አልነበሩም። ይህን ለአንተ ሳልነግር ማደር አቃተኝ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ስሰማ ስልክ የማነሳው ለማን እንደነበር ታውቃለህ።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ካቴናዋን ፈታሁት። ሁለት ቀን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከርኩት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ቀለበት ፈተግኩ፣ አንድ በአንድ፣ ጋዙ ቀይ ሻይ እስኪመስል። ሰኞ ማታ የመጀመሪያዋ ቀለበት እጥፍ አለች። ብቻዬን ጮህኩ። አሁን ዘይት ጠጥታ እንደ ድሮዋ ትዞራለች። ኮርቻዋንም ጠግኜዋለሁ፣ ያንተ ያህል ባይሆንም።

አሁን ኑዛዜው። ጎማዋን እንደ ዋልታ ሰዎች ነፋስ ቀንሼ ጭቃ ላይ ልሞክራት አልኩ። ቀጭን ጎማ መሆኑን ረሳሁት። አንድ ድንጋይ ላይ ስወጣ ጠርዙ የኋላውን ካላማዳሪ ቆነጠጠው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ፣ እባብ የነከሰው ይመስላል። እሱን አልጠገንኩትም። ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ብጠግነው ሌላ ነገር አበላሽና ሌላ ሦስት ዓመት እጠፋለሁ።

መጥተህ ውሰዳት። እስከ ቤትህ ያለው ዳገት ነው፣ እንደምታውቀው። አብሬህ እወጣለሁ። መሪውን አንተ ያዝ፣ እኔ ከኋላ እይዛለሁ። ገፍተን እንወጣለን።

ይቆጠርልሃል።

ያው ወንድምህ