ይድረስ ለአባቴ፦ ሙዚቃ ለመስማት መምጣትዎን አይተዉ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ደብረ ማርቆስ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስነሣኝ ታላቅ ወንድሜ የነገረኝ ነገር ነው። ለዘመን መለወጫ አዲስ አበባ መጥተው አብረን ሙዚቃ ልንሰማ የተነጋገርነውን ትተውታል አለኝ፤ ምክንያቱም ከዕድር ሰዎች አንዱ «ሽበት ካበቀሉ በኋላ አዝማሪ ቤት ምን ያደርግልዎታል?» ስላለዎ ነው። በስልክ ብጠይቅዎ እንደ ልማድዎ «ደግ ነው ልጄ፣ ይደርሳል» ብለው እንደሚያልፉኝ ስለማውቅ፣ ሐሳቤን በጽሑፍ ማቅረብን መረጥሁ።

አባባ፣ ዕድሜዎን ሁሉ በጠመኔ አቧራ ውስጥ ቆመው የሰው ልጅ አስተምረዋል። ጡረታ የወጡት ሕጉ የደነገገው 60 ዓመት ስለሞላዎ ነው እንጂ ጆሮዎ ወይም ልብዎ ስለ ደከመ አይደለም። ደመወዝዎ ለእኛ ደብተርና ጫማ ይውል ስለነበር፣ የሚወዷቸውን ድምፃውያን ሁሉ የሚያውቋቸው በሬዲዮና በካሴት ብቻ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ «ይህን ሰው አንድ ቀን እንኳ መድረክ ላይ ሳላየው» ብለው ያዘኑት ኀዘን ከልቤ አልወጣም። አሁን በራስዎ ጊዜና በራስዎ የጡረታ ገንዘብ ደስ የሚልዎትን ቢሰሙ ነውሩ ምኑ ላይ እንደሆነ አይታየኝም።

ሰውየው አዝማሪ ቤት ምን ያደርግልዎታል ብሎ ሲጠይቅ፣ እርስዎ ለአዝማሪው ምን እንደሚያደርጉለት አላሰበም። ባለፈው ጊዜ አብረን በሄድንበት ቤት የሆነውን ያስታውሱ። አዝማሪው ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያቺን ከፈረስ ጭራ የተሠራች ነጠላ አውታር በደጋኑ እየፈተገ፣ ከበሩ አጠገብ ጀምሮ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በየተራ እያወደሰ መጣ። ወጣቶቹ የሚሰጡት ግጥም ጠፍቷቸው ብር ብቻ ሲሸልሙትና ስልካቸውን አንሥተው ሲቀርጹት አየሁ። ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ግን እርስዎ ነጠላዎን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና «ተቀበል» አሉት፤

ጠመኔውን ጥሎ ማሲንቆ ቢሰማ፣
ምን ይለዋል ሰዉ የማርቆስ ከተማ?

አዝማሪው አንዲት ቃል ሳይጥል ተቀብሎ አዜመው፤ ቤቱም በጭብጨባ ደመቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ሰው ቢዞርም ዓይኑ ከእርስዎ አልተነሣም፤ ሌላ ግጥም ይጠብቅ ነበር። በልጅነትዎ ደብረ ኤልያስ ቅኔ የዘረፉ ሰው መሆንዎን አላወቀም፤ ነገር ግን ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ቃል የሚያውቅ መሆኑን ወዲያው ለይቷል። ይህ ሙዚቃ ያለ ሰሚው ግማሽ ነው። ሬዲዮ ግጥም አይቀበልም፤ ካሴትም ሰሚውን አይቶ ጨዋታውን አያዞርም። ሽበት ያበቀለው ሰው «አይገባኝም» ብሎ ቤቱ ከቀረ፣ አዝማሪው ግጥም የሚቀበለው ከማን ነው? እኔ በበኩሌ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ከእነዚህ ቤቶች መጥፋታቸው ከቤቶቹ መፍረስ ያልተናነሰ ጉዳት ይመስለኛል።

ዋሽንቱንም እንዲሁ። ከብት ሲጠብቁ ከሸምበቆ ቆርጠው ይነፉ እንደነበር ነግረውናል። በካሴት የሚሰማው ዋሽንት ዜማው ብቻ ነው፤ በአካል ሲሰሙት ግን ነፊው ትንፋሽ ሲወስድ፣ ከንፈሩ ከሸምበቆው ጫፍ ሲላቀቅ፣ ጣቱ ቀዳዳውን ሲከድን ጭምር ይሰማል። በብሔራዊ ቴአትር ቤት ዋሽንት ነፊው ብቻውን አንቺ ሆዬን ሲጀምር ጣቶችዎ በጉልበትዎ ላይ ከእሱ ጋር ሲነሡና ሲወርዱ አይቻለሁ። ያን ዕለት የነበረውን ፊትዎን ያ የዕድር ሰው ቢያየው ኖሮ ቃሉን ይመልሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሃይማኖቱን ነገር በተመለከተ፣ እርስዎ ጾም አፍርሰው፣ ቅዳሴ አስቀርተው ጭፈራ ቤት የሄዱበት ቀን የለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አዲስ አበባም ብትሆን ዘፈኑን ትቀንሳለች፤ ትላልቆቹ ኮንሰርቶች የሚበዙት ለዕንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ነው። ሁዳዴ ደግሞ የራሱ የሆነ መሣሪያ አለው። ባለ 10 አውታሩ በገና የሚደረደረው በዚያ ወራት ነውና፣ ከፈለጉ በጾሙ መጥተው እሱን እንሰማለን። ዝማሬውን ከአጠገቡ ሆነው ሲሰሙት ድምፁ በጆሮ ብቻ አይገባም፤ የአውታሩ ንዝረት ደረት ላይ ይሰማል።

ሌላው የሚያሳስብዎ መንገዱ መሆኑን አውቃለሁ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣቱ ለጉልበትዎ ይከብዳል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ወንድሜ ያጣራ፤ ጥርጣሬ ካለ ፈጽሞ አይነሡ፤ ኮንሰርት ለነፍስዎ ዋጋ አይሆንም። ሲመጡም በማለዳው አውቶቡስ ከመተላለፊያው በኩል ይቀመጡ፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው እግርዎን ያንቀሳቅሱ፤ በረሃው ውስጥ ስለሚሞቅ ውኃ ይያዙ፤ የደም ግፊት መድኃኒትዎን በሻንጣ ሳይሆን በኪስዎ ያድርጉት። በደረሱበት ዕለት ማታ የትም አንሄድም፤ አንድ ሌሊት አርፈው በማግስቱ ነው።

ስለ ጆሮዎም አስቤበታለሁ። የጆሮ ጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት 85 ዴሲቤል የሆነን ድምፅ 8 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 100 ዴሲቤል ከደረሰ ግን ያለ መከላከያ ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት ይጎዳል፤ ብዙ ኮንሰርት ደግሞ ከዚህ አያንስም። ዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክመው ቀጭኑን ድምፅ የሚለየው የጆሮ ክፍል ስለሆነ፣ ጩኸት በበዛበት ቦታ ግጥሙ ይጠፋብዎታል፤ ባለፈው «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይያዝልኝም» ያሉኝ ለዚህ ነው። እንግዲህ ከድምፅ ማጉያው ርቀን ከዘፋኙ ትይዩ እንቀመጣለን፤ የጆሮ መድፈኛም ገዝቼልዎታለሁ። ምሽት 12 ሰዓት ተብሎ ዋናው ድምፃዊ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ብቅ የሚልበት፣ ሰዉ ቆሞ የሚያድርበት አዳራሽ እርስዎን አልወስድም። ወንበር ያለው፣ በጊዜ ተጀምሮ በጊዜ የሚያልቅ ዝግጅት በቴአትር ቤቶቹ አይጠፋም። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅርም አለ፤ እርስዎ ደግሞ የባህል ኦርኬስትራውን ከኤሌክትሪክ ጊታሩ እንደሚያስበልጡ አውቃለሁ።

ሁልጊዜ አዲስ አበባ ካልሆነ ብዬም አልሟገትም። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፤ እዚያው ጎጃም ውስጥም በጥርና በሚያዝያ ሠርግ አዝማሪ አይታጣም። በሠርግ ቤት ግጥም ሲሰጡ ማንም «ሽበትዎ» አላለዎትም። ያው ሰው፣ ያው ማሲንቆ፣ ያው ግጥም አዲስ አበባ ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

አንድ ነገር ልጨምር። ማሕሙድ አሕመድ በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ዕድሜው ከ80 ዓመት አልፎ ነበር። በዚያ ዕድሜ መድረክ ላይ ቆሞ መዝፈን ካላሳፈረ፣ በእርስዎ ዕድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ሊያሳፍር አይገባም። ያኔ ኑ ስልዎ «ሌላ ጊዜ» ብለው ቀሩ፤ ያ ሌላ ጊዜ ግን ተመልሶ አይመጣም። እናንተን ያስለቀሱና ያስጨፈሩ ድምፃውያን እያረፉና እየተሰናበቱ ነው፤ የቀሩትን በአካል ሳይሰሙ እንዳያመልጡዎት እሰጋለሁ፤ ልመናዬም ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ገንዘቡ አንከራከር። የአውቶቡሱን እርስዎ ይክፈሉ፤ የመግቢያውን ለእኔ ይተዉልኝ። ለአዝማሪው የሚሸልሙትንም ከጡረታዎ ያምጡ፤ ያ የእርስዎ ክብር ስለሆነ አልገባበትም። ነሐሴ ሳያልቅ የሚመጡበትን ቀን ለወንድሜ ይንገሩት፤ ከመድረኩ ፊት ያሉት ወንበሮች ቶሎ ስለሚያልቁ ትኬቱን አስቀድሜ መቁረጥ ይኖርብኛል።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከአዲስ አበባ