ይድረስ ለልጄ፣ ከጅማ

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ቡናውን ማስጣት አቅቶናል።

በስልክ «የሴቶችና የጣሊያን ዘመን ሕግ እንጀራ አይሆንም፣ ታክስ አጥኚ አሉኝ» ያልሽኝን ሳብላላው ሰነበትኩ። እኔንም ብለውኛል። አንዱ ባልደረባዬማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጽሑፌን «ይሄ ተረት እንጂ ሕግ አይደለም» ብሎ መልሶልኛል።

እኔን እዚህ ጥናት ውስጥ የከተተኝ አያትሽ ሙዳይ ውስጥ ያኖረችው የፍቺ ውሳኔ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 635፣ ባልን የቤቱ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ነበር። ሽማግሌዎቹ «አልታዘዝም ብላ ወጥታለች» አሉና በእጇ የኮተኮተችው ቡና ለባሏ ሆነ። ፊደል ስላልቆጠረች የተፈረደባትን ሳታነብ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መሆናቸውን ሳውቅ ተናደድኩ። ቅኝ አልተገዛንም እያልን! ግን ሁሉን በፈረንጅ ማላከክም ደግ አይደለም፤ የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ከእሳቸው በፊትም እንዲሁ ነበር የሚፈርዱት።

ከዚያ ወደ ጣሊያን ዘመን ወረድኩ። በ1929 በወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። ከፍሎ አድሮ ቢሄድ ግን አይነካም። ስለዚህ ችሎቱ የሚመረምረው ይወዳት እንደሆነ ነው፤ ሰውየው ለመዳን «ገረዴ ነበረች» ማለት አለበት። እሷ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለችም። በ1932 ደግሞ አባት ከእሷ የወለደውን ልጅ እንዳይቀበል ተከለከለ፤ ማሳደጊያውም በእናት ላይ ወደቀ። ልጅ ሳለሽ ጣሊያኖች ይኖሩበት በነበረው ሰፈር፣ በፈረንጅ አራዳ፣ ስናልፍ ዝም የምልሽ ለዚህ ነበር፤ በየቤቱ በር ማን ተባርራ እንደወጣች አስብ ነበር።

አንቀጽ 635 የተሻረው በ1992 የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው፤ ኦሮሚያም በኋላ የራሱን አወጣ። አያትሽ አልደረሰችበትም።

ታክሱን ከፈለግሽ አጥኚ፣ አልቀየምሽም። ግን ውሳኔውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቡናው ጋር ልኬልሻለሁ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የጣቷ አሻራ አለ፤ ፎቶ ኮፒ አያወጣውም፣ ዋናውን በመስኮት ብርሃን እይው። እጅሽን ታጥበሽ ንኪው።

እናትሽ