አንዲት ታካሚ፣ ሦስት ደብተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ጉድለት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባልደረቦቼ ጋር ቡና ላይ አነበብነው። ቶናው ሳይቀዳ ክርክር ተነሣ። ጽሑፉ ሰዎቹን «ግዴለሾች» ይላቸዋል። በላብራቶሪ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ግዴለሽ አላጋጠመኝም ብል ውሸት ነው። አብዝቼ ያየሁት ግን የራሱን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ምን እንደያዘ ግን የማያውቅ ባለሙያ ነው። ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ እንዲህ አድርገን ነው ያስተማርናቸው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ከሚቀበሉት አንዷ ስለሆንኩ ወቀሳው እኔንም ይጨምራል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ልተወው።

ክረምት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ውሎ ቀትር ላይ እንኳ አልገለጠም። አንድ የደም ናሙና ስም ሳይጻፍበት ላብራቶሪ ደረሰ። ያመጣው የታካሚዋ ወንድም ነው፤ «ስጥ ብለውኝ ነው» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም። ስም የሌለው ናሙና አይሠራም። መጣል ደንቡ ነው፣ ግን ዝም ብሎ መጣል ደግሞ ያሳዝናል፤ ስለዚህ ማን እንደቀዳው ልጠይቅ ወደ ማዋለጃ ክፍል ወጣሁ።

አልጋው ዙሪያ ሦስት ተማሪዎች ቆመዋል፦ አንዷ የሚድዋይፈሪ፣ አንዱ የጤና መኮንን፣ አንዱ የሕክምና። እናትየዋ ከኩታበር ወገን የመጣች ናት፣ ስምንት ወር አልፏታል። ሦስቱም በየተራ የደም ግፊቷን ለክተዋል። ሦስቱም በየደብተራቸው ጽፈዋል። ካርዷ ላይ የግፊት መመዝገቢያው መስመር ባዶ ነው።

በዚያው ሰዓት የተረኛዋ አዋላጅ ነርስ ደረሰች። ብልህ ሴት ናት፣ አልተቆጣችም። «እስቲ የጻፋችሁትን በየተራ አንብቡልኝ፤ ሰዓቱን ጨምራችሁ» አለቻቸው። የመጀመሪያዋ 140 በ90 አለች። ሁለተኛው 150 በ100። ሦስተኛው ገና አሁን መለካቱ ነው፤ 160 በ110። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ሲታይ «ከፍ ብሏል» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ሦስቱ ሲደረደሩ ግን ሴትዮዋ ወደ መንቀጥቀጥ እየሄደች መሆኑን ይጮሃሉ፤ ያንን ደረጃ ያየ ሐኪም መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት ለማዘዝ አያመነታም። ጩኸቱ ሦስት ኪስ ውስጥ ተከፋፍሎ ተቀምጦ ነበር። ያ ስም የሌለው ናሙናም የእሷ ሆኖ ተገኘ፤ ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ወርዶ እንደሆነ ለማየት የተላከ ነው። እንደገና ተቀዳ፣ ሮጥኩበት። መድኃኒቱ ተጀመረላት፤ እሷም ልጇም በሰላም ወጡ።

ከዚያ በኋላ ውጭ በረንዳው ላይ ያገኘሁት ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ። መኪና እስከሚደርስበት ድረስ በቃሬዛ ተሸክመው ካወረዷት የቅሬ (የእድር) ሰዎች ሁለቱ አብረው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ ፂማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ «እህት ዓለም፣ እንዴት ሆነችልን?» አሉኝ። ደህና እንደሆነች ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወሬውን ቀጠሉ፦ ራሷን የፈለጣት ከሱብሂ ጀምሮ ነው፤ ወንዙን ሲሻገሩ «ዓይኔን ጋረደኝ» ብላለች፤ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። ራስ ምታትና የዓይን መጋረድ እኛ ክፍል ውስጥ በስላይድ የምናስተምራቸው የአደጋ ምልክቶች ናቸው። «እርስዎ ይህን ሁሉ በምን አወቁ?» አልኳቸው፤ ከተሸካሚዎቹ መካከል የያዙት መጨረሻ ላይ ነበርና። «ትከሻ ስንለዋወጥ ለቃቂው ለተረኛው ይነግረዋላ! ራሷን ያማታል፣ አታንገጫግጫት፣ በቀኝ በኩል አዘንብላት ይለዋል። ሳይነግርማ እንዴት ይለቃል?»

ከውስጥ ማንም አልጠየቃቸውም።

ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ። ካርዱ ላይ ያልጻፉት ካርዱ ውጤት ስለማያሰጥ ነው። እያንዳንዱ ኪሱ ውስጥ ሎግ ቡክ አለው፤ ይህን ያህል ግፊት ለካሁ፣ ይህን ያህል ወሊድ አየሁ ብሎ የኃላፊውን ፊርማ ካላስሞላ አያልፍም። ባልንጀራው ያየውን መጠየቅ፣ ያየውንም መንገር የሚባል መስመር እዚያ ላይ የለም። ተማሪ ደግሞ ነጥብ ወዳለበት ነው የሚሄደው፤ እኛም ተማሪ ሳለን እንደዚያው ነበርን።

በቡድን ማሠልጠን ለአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው የሚያስቆጨው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አብረው እንዲወጡ የተፈለጉት የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው ነበሩ፤ ሦስቱ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው እንደሚያርፉ ስለታሰበ አብረው ሠለጠኑ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ጅማ ሲከፈት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት የተለያየ ሙያ ተማሪዎች «አንዱ ስለሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱ ከሌላው ጋር» ይማሩ የሚል ማዕቀፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ጎንደር በ56 ዓመት ትቀድመዋለች። ዛሬም ተመራቂዎች ቲቲፒ ብለን የምንጠራውን የቡድን ልምምድ ይወጣሉ። ሕክምናው፣ ነርሱ፣ ፋርማሲው፣ ላብራቶሪው ለተወሰኑ ሳምንታት አንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር። ልጆቹ አንድ ቤት ይከራያሉ፣ አንድ ድስት ይበላሉ፣ ማታ ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዳንዶቹም ይጋባሉ (ሁለት ሠርግ ተጠርቻለሁ)። ጠዋት ሲሆን የላብራቶሪው ልጅ ወደ ማይክሮስኮፑ፣ የፋርማሲው ወደ መስኮቱ፣ የሕክምናው ወደ ተመላላሽ ክፍሉ ይበተናል። መጨረሻ ላይ አንድ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ሪፖርቱን ግን ኮምፒውተር ያለው ልጅ ጽፎታል። ጥሩ የሚሠራ ቡድን የለም ማለቴ አይደለም፤ ኮምቦልቻ አካባቢ የወጡ አንድ ጊዜ ለጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያና የላብራቶሪ መዝገብ አስተካክለው ሄደዋል፣ እስካሁን ይሠራበታል። ግን ያ የልጆቹ መልካምነት እንጂ የሥርዓቱ ውጤት አልነበረም። ደግሞስ አምስትና ስድስት ዓመት ለየብቻ ካስኬድናቸው በኋላ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተዋወቁ ማለት ምን የሚሉት ነው?

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጋራ ነጥብ ይኑር። ሦስት ወይም አራት የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አንድ ታካሚ ከመግቢያ እስከ መውጫ ይከተሉ። መጨረሻ ላይ አንዱ በዕጣ ይጠራና የሌላውን ሥራ ያስረዳ፦ የሕክምናው ተማሪ ናሙናው ለምን እንደተጣለ፣ የላብራቶሪዋ መድኃኒቱ ለምን እንደተቀየረ። እሱ ያገኘው ነጥብ የሁሉም ይሁን። ይህን ብታደርጉ በሳምንቱ ካርዱ ላይ ባዶ መስመር አታገኙም። የመውጫ ፈተናውም የሙያ ፈቃዱም እያንዳንዱ ለብቻው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚፈተነው ነው፤ እሱ ይቆይ፣ ዕውቀት መለካት አለበት። እኔ የምለው ከዚያ በፊት የሚያልፉበት በር ነው።

አንድ አስተማሪ ወዳጄ «ፕሮግራም አይገጥምም፤ አንድ አልጋ ላይ ሃያ ተማሪ እየቆመ ሌላ ጨምሩ ትያለሽ?» አለኝ። ሃያው መቆሙ እውነት ነው። ግን ሃያው አንድ ዓይነት ሰው ነው። ከአንድ ክፍል የመጡ ሃያ ተማሪዎችን በትኖ ከሌላ ክፍል ልጆች ጋር አራት አራት አድርጎ መቀላቀል ተጨማሪ አልጋ አይጠይቅም። መርሐ ግብሩ የማይገጥመው ሁለት ክፍል ኃላፊዎች ቁጭ ብለው ስላልተነጋገሩ ነው። ተማሪው አለመነጋገርን ከማን ይማረው?

ስለ አጠራርም አንድ ነገር ልበል። የሕክምና ተማሪ ገና ከአንደኛ ዓመቱ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ነርሷ «ሲስተር» ናት። እኔ «ላብ!» ነኝ፤ በስልክም በኮሪደርም «ላብ፣ ውጤት!» ነው የምባለው። ቀልድ ይመስላል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ፣ ቢላዋው ቆዳ ሳይነካ፣ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር የሚል አለ። 19 ነጥብ ብቻ ያለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በስምንት ከተሞች፣ ከነዚህም አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 እንደወረደ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ስም መናገር ብቻውን ሰው አዳነ አልልም። ስሙን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ግን ሲያስፈልግ «ቆይ፣ ጎኑ ተሳስቷል» ለማለት አፉ ተከፍቷል።

እኔ አፌ ስላልተከፈተ የሆነውን አልረሳውም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌሊት፣ ለአንድ በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ክሮስማች (የሚሰጣት ደም ከእሷ ደም ጋር መስማማቱን የማየት ምርመራ) ታዘዘ። የናሙናው የደም ዓይነት ኤ ሆነ፤ መዝገባችን ላይ ግን ያችው ሴትዮ ከወራት በፊት ኦ ናት። አንዱ ስህተት ነው። መደወል ነበረብኝ። ተረኛው ሐኪም በቁጣው የታወቀ ነው፤ ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት። «ምናልባት እኔ ይሆናል የተሳሳትኩት» ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ኦ ለሆነ ሰው ኤ ደም ቢሰጥ ሊገድለው እንደሚችል እያወቅሁ ሃያ ደቂቃ አባከንኩ። በመጨረሻ ደወልኩ፤ ናሙናው ከጎረቤት አልጋ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ተርፋለች። ሐኪሙም፣ የሚገርመው፣ አልተቆጣም፤ «ለምን ቶሎ አልደወልሽም?» ብቻ ነው ያለኝ። ደም መለየት አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ስልክ ደውዬ ምን እንደምል ግን ማንም አላስተማረኝም።

ይህ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተነሥቶ ወደ ሆስፒታል የገባ አራት እርከን ያለው አነጋገር አለ። እኔ ለተማሪዎቼ በአማርኛ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ ምን ሆነ፣ ከየት ተነሣ፣ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። በአማርኛ ያልኩት በምክንያት ነው። ራውንድ ላይ (ሐኪሞች በየአልጋው እየዞሩ ታካሚ ሲያዩ) ተማሪው በእንግሊዝኛ ነው የሚያቀርበው፤ ብዙ ልጆች ያዩትን ትተው ሊሉት የሚችሉትን ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሁን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደም የሚፈሳት እናት ፊት ግን ልጁ በሕልሙ በሚናገረው ቋንቋ ይናገር።

በራሴ በኩል የጀመርኩት ትንሽ ነገር አለ። የላብራቶሪ ተማሪዎቼ በሳምንት አንድ ቀን ውጤቱን ራሳቸው ይዘው ወደ ክፍል ይወጣሉ፤ ታካሚዋን አይተው ነው የሚመለሱት። ከላይ ደግሞ ፈቃደኛ የሆኑ ኢንተርኖች (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች) ሐሙስ ጠዋት እኛ ጋር ይቀመጣሉ። አንዱ በመጀመሪያው ቀን ራሱ የላከው ናሙና ቀይ ውኃ ሆኖ ሲጣል አየ፤ ደሙን በቀጭን መርፌ እየጨመቀ ስለሚስበው ሴሎቹ እንደሚፈነዱ ስናሳየው ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወዲህ የእሱ ናሙና ተመልሶ አያውቅም፤ የመጠየቂያ ወረቀቱም ላይ «ትደማለች፣ አስቸኳይ» ብሎ ስልኩን ይጽፍበታል።

ፈቃድ የሚሰጠን መመሪያ የለም፤ በትውውቅ ነው የሚሄደው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ተማሪ ያላችሁ አስተማሪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር አለን። ሦስቱ ከተለያየ ክፍል ይሁኑልን። ደብተራቸውን ትተው ይምጡ፣ ጋዋን ግን አይርሱ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)